ስድስት ጀማሪ፣ አንድ ሎጅ፣ ሁለት ሌሊት፦ የስኖውሹ ጉዞ ከሰዓቱ ይጀምራል

ጥያቄ፦ «ስምንት ጓደኛሞች ነን። ዓርብ ወጥተን እሑድ እስክንመለስ ተራራ ላይ ያለ ሎጅ ይዘናል። መኪና ከሚቆምበት እስከ ሎጁ 4 ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ በእግር ነው፤ ሽቅቡ 350 ሜትር ነው ተብለናል። ከስምንታችን ስድስቱ ስኖውሹ፣ በረዶ ውስጥ እንዳይሰመጥ ጫማ ሥር የሚታሰረውን ሰፊ መርገጫ፣ አስረን አናውቅም። ቅዳሜ ከሎጁ በላይ ወዳለው ሸንተረር መውጣት አስበናል። ምን መጠን ያለው ስኖውሹ እንከራይ? ምን ያህል መሄድ እንችላለን? መሪ መቅጠር የግድ ነው?»

ምላሽ፦

የስኖውሹ መጠን ቀላሉ ጥያቄ ነው፤ እደርስበታለሁ። ቀልቤን የያዘው ግን «ዓርብ ወጥተን» የምትለዋ ነገር ናት። ዓርብ ከሥራ ወጥቶ፣ መኪና ነድቶ ተራራው ሥር የሚደርስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ከዚያ በኋላ 4 ኪሎ ሜትር በጨለማ፣ የሁለት ቀን ጓዝ በጀርባ፣ አስረውት የማያውቁት መርገጫ በእግር። እንዲህ ያለ ጉዞ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ዕቃ ሳይሆን ሰዓት ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው፣ ዛሬም የሚሠራበት የግምት ዘዴ አለ፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በላዩ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት። በእናንተ መንገድ ላይ ርቀቱ 48 ደቂቃ፣ ሽቅቡ 35 ደቂቃ ይወስዳል፤ ድምሩ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነው። ይህ ግን በደረቅ መሬት ላይ ለሚሄድ ብርቱ እግረኛ ነው። ስኖውሹ ላሰረ ጀማሪ በእጥፍ ቁጠሩት፤ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። እሱም ሰው ረግጦ ያጠበቀው ዱካ ካለ ነው። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ዱካው ከጠፋ፣ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር መግፋት ራሱ ትልቅ ነገር ይሆናል፤ 4 ሰዓት ማለት ነው። መኪናው ጋ ጓዝ ለማስተካከልና ለማሰር ደግሞ ስምንት ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት እዩና 5 ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ መኪናው ቆሞ በሩ የሚከፈተው ያኔ ነው። ያን ማድረስ ካልቻላችሁ ዓርብን ተራራው ሥር እደሩና ቅዳሜ ማለዳ ውጡ። የአንዱ ሌሊት ክፍያ ቢቃጠልም ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ሎጁ ደውሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጓዝ በስኖውሞቢል፣ በረዶ ላይ በሚሄደው ሞተር፣ ያደርሱ እንደሆነ ነው። ካደረሱ፣ ጀርባችሁ ላይ የቀን ቦርሳ ብቻ ይቀራል፤ የዓርቡ መንገድም ሸክም መሆኑ ቀርቶ መለማመጃ ይሆናል። ሁለተኛው ውኃ ነው። ብዙ የተራራ ሎጆች በብርዱ ወራት ቱቦው እንዳይፈነዳ ውኃውን ይዘጉታል፤ እንግዳው በረዶ እያቀለጠ ይጠቀማል። ይህ በወሬ ቀላል ይመስላል። ለመጠጥና ለማብሰል ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ብንል ለስምንታችሁ 32 ሊትር ነው። አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ 10 ሊትር ቀልጦ የሚወጣው 1 ሊትር ገደማ ነውና፣ 320 ሊትር በረዶ ማለትም ባለ 20 ሊትር ባልዲ 16 ጊዜ መመላለስ ይጠብቃችኋል። የቆየና የጠጠረ በረዶ ከሆነ ከዚህ በጣም ባነሰ ይሞላል። ስታቀልጡ ድስቱ ሥር አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀድሙ፤ ደረቅ በረዶ ባዶ ድስት ላይ ከተጣደ ሥሩ ያራል፣ ውኃውም የተቃጠለ የተቃጠለ ይላል። በረዶውን ሰውና እንስሳ ከማይደርስበት ቦታ ቅዱ፤ ቀልጦም ይፍላ። ሦስተኛ፣ ማሞቂያው ምን እንደሆነና ጭስ ማውጫው በዚያ ሰሞን ተጠርጎ እንደሆነ ጠይቁ። አራተኛ፣ የስልክ ኔትወርክ የት የት እንደሚይዝና የነፍስ አድን ጥሪ በምን እንደሚደረግ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ መንገዱ በየትኛውም ቦታ በቆመ ተዳፋት ሥር ያልፍ እንደሆነ ነው፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ የመሪው ጥያቄ እዚያው ላይ ተመልሷል።

አሁን ወደ ስኖውሹ። የሚመረጠው በቁመት ወይም በጫማ ቁጥር አይደለም፤ በሚሸከመው ክብደት ነው። ክብደት ማለት ሰውየው፣ ልብሱ፣ ቦርሳው አንድ ላይ። በግምት፣ 56 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው እስከ 80 ኪሎ፣ 64 ሴንቲ ሜትሩ እስከ 100 ኪሎ፣ 76 ሴንቲ ሜትሩ ከዚያ በላይ ለሆነ ይሆናል፤ የየአምራቹ ሠንጠረዥ ስለሚለያይ አከራዩ ጋ ያለውን እዩ። 70 ኪሎ የሆነ ሰው 12 ኪሎ ቦርሳና 4 ኪሎ ልብስና ጫማ ይዞ 86 ነው። በሠንጠረዡ መካከለኛው ይደርሰዋል፤ መንገዱ የተረገጠ ከሆነ ግን ትንሹን ያዙለት እላለሁ። ትልቅ ስኖውሹ ለስላሳ በረዶ ላይ ያንሳፍፋል፣ የተረገጠ መንገድ ላይ ግን እግር ያደናቅፋል፣ ጭን ያደክማል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ «እንዳልሰጥም» ብለው ትልቁን ይመርጣሉ። መስጠሙ ግን አይቀርም። በትክክለኛው መጠንም ቢሆን አዲስ በረዶ ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መግባት ያለ ነው፤ ያለ ስኖውሹ እስከ ታፋ ይገባ እንደነበር ማሰብ ነው።

ለተራራ የሚሆነውንና ለሜዳ የሚሆነውን ለዩ። ገልብጣችሁ ከታች እዩት። ለተራራ የሚሠራው ከጣት ሥር ብቻ ሳይሆን በጎንና በጎኑም የብረት ጥርስ አለው። ከላይ ደግሞ ተረከዝ ሥር የሚነሳ የሽቦ ድጋፍ አለው፤ ዳገት ላይ ሲነሳ ተረከዝ ተደግፎ ይቆማል፣ የባት ጅማት ያርፋል። ሽቅባችሁ 350 ሜትር ስለሆነ ያለ እሱ አትከራዩ። ምርኩዙ ጫፉ ላይ ሰፊ የበረዶ ክብ ያለው ይሁን፤ በረዶ በሌለበት ወቅት የሚሠራበት ትንሽ ክብ በረዶ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ጫማው ውኃ የማያስገባ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ውስጡ ጣት የሚያንቀሳቅስ ቦታ ያለው ይሁን። ሁለት ወፍራም ካልሲ ደራርቦ ጠባብ ጫማ ውስጥ ማስገባት እግር አያሞቅም፤ ደሙን ያግደዋል፣ ጣት ይደነዝዛል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ከጫማው አፍ በላይ በረዶ እንዳይገባ ባት መሸፈኛውን፣ ጌተር የሚሉትን፣ አትርሱ።

አስተሳሰሩን ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ተለማመዱ። የእግር አውራ ጣት ሥር ያለችው ጉብታ በትክክል ስኖውሹ በሚታጠፍበት ዘንግ ላይ ማረፍ አለባት። እግር ወደፊት ካለፈ የጫማው አፍንጫ በእያንዳንዱ እርምጃ ወለሉን ይመታል፤ ወደኋላ ከቀረ የፊቱ ጥርስ ዳገት አይነክስም። ማሰሪያው መጀመሪያ ከጣት በኩል ይጥበቅ፣ ከዚያ መሐሉ፣ በመጨረሻ ተረከዙ። ትርፍ ጫፎቹ ወደ ውጭ ጎን ይሁኑ፤ ወደ ውስጥ ከሆኑ ሌላኛው ስኖውሹ ይረግጣቸውና ሰውየው በግንባሩ ይደፋል። ከዚያ እግራችሁን አንሡና አራግፉት፤ ተረከዙ ወደ ግራና ቀኝ ከዋለለ እንደገና ይታሰር። መንገድ ከጀመራችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላም ሁላችሁ ቁሙና አጥብቁ፤ በረዶ ሲገባበት ማሰሪያው ይላላል። ያኔውኑ አንድ ልብስ አውልቁ።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ብቻ የሙጥኝ በሉ፤ ጥጥ አይለበስም። ጂንስ፣ የጥጥ ካናቴራ፣ የጥጥ ካልሲ ሁሉም ቤት ይቅር። ጥጥ ላብ ጠጥቶ አይደርቅም፤ ስትቆሙ ከቆዳችሁ ላይ ሙቀት ይመጥጣል። ከሥር ቀጭን ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ መሐል ፍሊስ የሚሉት ለስላሳ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ውኃ የሚከለክል፤ የላባ ጃኬቱ ደግሞ ለመቆሚያ ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ስትነሱ ትንሽ ብርድ ሊሰማችሁ ይገባል። ከመኪናው ሞቆት የተነሣ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ በላብ ይታጠባል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚንቀጠቀጠውም ያው ሰው ነው። ጓንት ሁለት ጥንድ ያዙ፤ አንዱ መርጠቡ የታወቀ ነው።

አካሄዱ ለመማር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ እግር ከወትሮው ትንሽ ሰፋ ይበል እንጂ እንደ ዳክዬ መወላገድ አያስፈልግም። ጀማሪን የሚጥለው ወደኋላ መራመድ ነው፤ የስኖውሹ ጅራት በረዶው ውስጥ ይተከልና ሰውየው በጀርባው ይወድቃል። መዞር ከፈለጋችሁ በትንሽ በትንሽ እርምጃ ክብ ሠርታችሁ ዙሩ። ዳገት ላይ የጫማውን አፍንጫ በረዶው ላይ መታ አድርጋችሁ ጥርሱን አስነክሱ፣ ክብደታችሁን አሳርፉ፣ ከዚያ ሌላውን አንሡ። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ለስለስ ብሎ ይታጠፍ፣ ክብደት በሁለቱም እግር መሐል ይሁን፤ ፈርቶ ወደኋላ መለጠጥ ያንሸራትታል። ተዳፋትን በጎኑ አግድም መቁረጥ ግን የስኖውሹ ትልቁ ድክመት ነው። ወለሉ ሰፊ ስለሆነ በጎን ጠርዙ ብቻ ሲቆም ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል፤ አጭር መንገድ መስሎ ከታያችሁ አግድም ቁራጭ ይልቅ ቀጥ ብሎ መውጣትና መውረድ ይሻላል። የወደቀ ሰው ሁለቱን ምርኩዞች እንደ መስቀል በረዶው ላይ አጋድሞ፣ መገናኛቸው ላይ በእጁ ተደግፎ በጉልበቱ ይነሣ፤ ባዶ እጅ ለስላሳ በረዶ ላይ ሲደገፉበት እስከ ብብት ይገባል።

የሙቀቱ መጠን ዜሮ አካባቢ ሲሆን ከጥርሱ ሥር የሚከማች የበረዶ ድቡልቡል ይገጥማችኋል። ሰውየው ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረገ ያህል ከፍ ከፍ ይላል፤ ጥርሱ ተሸፍኗልና ይንሸራተታል። በምርኩዝ ዘንግ ጎኑን መታ መታ ማድረግ ያራግፈዋል። ጠዋት ከመውጣት በፊት ከሥር ሰም ወይም የሲሊኮን ቅባት መቀባትም ይቀንሰዋል።

ብልሽት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከማሰሪያው ነው። የጎማ ማሰሪያ በብርድ ይደርቅና ይበጠሳል፤ የመታጠፊያው ፒን ወልቆ በረዶ ውስጥ ይጠፋል። ለስምንት ሰው አንድ የጥገና ቦርሳ ይበቃል፤ ሁለት ትርፍ ማሰሪያ፣ ከአከራዩ የተለመነ አንድ ትርፍ ፒን፣ አሥር ያህል የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ሁለት ሜትር ቀጭን ሽቦ፣ ፒንሳ ያለው የኪስ መሣሪያ። ዳክት ቴፑን፣ ጠንካራውን ማጣበቂያ ፕላስተር፣ ምርኩዝ ላይ ጠምጥሙት፤ ቦታ አይወስድም።

ምን ያህል መሄድ እንደምትችሉ የሚወስነው ከስምንታችሁ በጣም የሚዘገየው ሰው ነው፤ ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙበት። ዘገምተኛው መጨረሻ ላይ ከቀረ፣ ሌሎቹ እየጠበቁ ያርፋሉ፣ እሱ ሲደርስ ይነሣሉ፣ እሱ ሳያርፍ ይውላል። ስለዚህ ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ይሁን። ልምድ ያላችሁ ሁለታችሁ አንዱ ፊት፣ አንዱ ጭራ ሁኑ፤ ከጭራው ኋላ ማንም አይቅር። ዱካ በሌለበት በረዶ ላይ ፊት መሪው በየ5 ወይም 10 ደቂቃው ይቀየር፤ ወደ ጎን ወጥቶ ቆሞ ሁሉም ሲያልፉ ከጭራው ፊት ይግባ። ተከታዮቹ ደግሞ የፊተኛውን የእግር ጉድጓድ ከመድገም ይልቅ በጉድጓዶቹ መካከል ያለውን ይርገጡ፤ ያኔ መንገዱ ይደለደላል፣ ማታ ስትመለሱም ለጥ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ለቅዳሜ የምመክረው ደርሶ መልስ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ ከ300 ሜትር ያልበለጠ ነው። ለዚያ 4 ወይም 5 ሰዓት ያዙለት፤ ምሳውን ጨምሩና ቀኑ ሞላ። የመመለሻ ሰዓት ከሎጁ ሳትወጡ በወረቀት ይጻፍ፤ ያ ሰዓት ሲደርስ ሸንተረሩ 100 ሜትር ቢቀረውም ይዞራል። ኋላ ስትደክሙ የሚደረግ ድርድር ሁሌም ወደ ላይ ያደላል፤ ስለዚህ ነው ቀድሞ የሚጻፈው። መንገዱንና ሰዓቱን ለሎጁ ሰውም ንገሩ።

ሸንተረሩ ራሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በስኖውሹ የሚሄድ ሰው የበረዶ ናዳ የበረዶ ሸርታቴ ስፖርተኞች ችግር ብቻ ይመስለዋል፤ ናዳው ግን እግር ላይ የታሰረውን አይለይም። ሰው የሚገድለው ዓይነት ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። 30 ዲግሪ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የቤት ደረጃን አስቡ፤ አብዛኛው የመኖሪያ ቤት ደረጃ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ተዳፋቱ የደረጃ ያህል ከቆመ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ለመለካት ምርኩዙን ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ በረዶው ላይ አስተኙ፣ የስልካችሁን የማዘንበያ መለኪያ ጠርዝ ላዩ ላይ አሳርፉ። ይህን ግን ተዳፋቱ ላይ ቆሞ ከማድረግ ቀድሞ ቤት ሆኖ በካርታ ማየት ይሻላል፤ የተዳፋት ማዕዘን በቀለም የሚያሳዩ የዲጂታል ካርታዎች አሉ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ያለው ቀለም ተቀብቶ ይታያል። መስመራችሁ ቀለሙን አይንካ። ቀለሙ ሥርም አይለፍ፤ ሜዳ ላይ የቆመን ሰው ከራሱ በላይ ካለ ተዳፋት የወረደ ናዳ ይቀብረዋል። የሸንተረር ጫፍ ላይም ነፋስ ያንጠለጠለው የበረዶ ክፈፍ አለ፤ ከላይ ሲታይ ጠንካራ መሬት ይመስላል፣ ከሥሩ ግን አየር ነው። ከጠርዙ ብዙ ሜትር ራቁ።

የአካባቢውን የናዳ ማስጠንቀቂያ ዓርብም ቅዳሜ ጠዋትም አንብቡ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 መሐል ላይ ስላለ «መካከለኛ» ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ3 ላይ አንድ ሰው ብቻውን ናዳ ሊያስነሳ ይችላል፣ ብዙ ሰው የሚሞተውም በዚህ ደረጃ ነው። 3 ሲሆን ሸንተረሩ ይቅርና ጫካና ሜዳ ውስጥ ዋሉ። 4 ወይም 5 ከሆነ ወደ ሎጁ የሚወስደው መንገድ ራሱ ይጠየቅ። ብዙ በረዶ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ካለፈ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት የከፉ ናቸው። መንገድ ላይ ሳላችሁ ከእግራችሁ ሥር «ዉምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ከሰማችሁ፣ በረዶው ላይ ስንጥቅ ከፊታችሁ ሲሮጥ ካያችሁ ወይም አቅራቢያ የተናደ ትኩስ በረዶ ካለ፣ ማስጠንቀቂያው ምንም ቢል በመጣችሁበት ተመለሱ። ናዳ ከያዛቸው ሰዎች አሥሩ ውስጥ በዘጠኙ ገደማ ናዳውን ያስነሳው ራሱ ተያዡ ወይም ባልደረባው ነው፤ ይህ ክፉም ደግም ዜና ነው፣ ምርጫው በእጃችሁ ነውና።

የናዳ ዕቃ ሦስት ነው፤ በ457 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ትራንሲቨር፣ ማለትም የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ ምልክት መላኪያና መቀበያ፣ በረዶውን እየወጉ የተቀበረውን የሚፈልጉበት የሚተጣጠፍ ዘንግ፣ የብረት አካፋ። ሦስቱም በእያንዳንዱ ሰው ላይ ካልሆኑ ጥቅማቸው ግማሽ ነው፤ ያልሠለጠኑበት ከሆነም ያው። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች ነው፤ ነፍስ አድን ቡድን በዚያ ጊዜ አይደርስም፣ የሚያወጡት አጠገቡ ያሉት ናቸው። ስድስት ጀማሪ ላለው ቡድን እነዚህን ተከራይቶ የቆመ ተዳፋት ውስጥ መግባት ትርፍ ድፍረት የመግዛት ያህል ነው። ዕቃው የማያስፈልግበትን መንገድ ምረጡ። ያ መንገድ ከሌለ፣ ወይም የዓርቡ መንገድ በቆመ ተዳፋት ሥር ካለፈ፣ ወይም ሸንተረሩን የግድ ማየት ከፈለጋችሁ፣ በበረዶ ወቅት ተራራ ላይ የመምራት ፈቃድ ያለው መሪ ቅጠሩ። አብዛኛው ሰው መሪ የሚቀጥረው ለመጨረሻው ቀን ነው፤ እኔ ለመጀመሪያው እላለሁ። የዓርቡን አስተሳሰርና አካሄድ ያስተምራችኋል፣ ቅዳሜ የት እንደማትገቡ በጣቱ ያሳያችኋል።

ሁለት ትናንሽ አደጋዎች ሳይጠቀሱ ባያልፉ። የጥድ ዛፍ ቅርንጫፍ በረዶውን ስለሚጋርደው ግንዱ ዙሪያ የተሸፈነ ባዶ ጉድጓድ ይኖራል፤ ከግንዱ አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ብላችሁ እለፉ። የቀዘቀዘ ሐይቅ ደግሞ ዙሩት። ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ የበረዶ ግግር ያስፈልጋል ይባላል፤ በላዩ በረዶ ሲጥልበት ግን ግግሩ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፈንና ሳይወፍር ይቀራል፣ ውፍረቱም አይታይም።

ቀን ላይ በየ45 ደቂቃው ትንሽ ነገር ብሉ፤ ለውዝ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ቸኮሌት፣ ከኪስ እየወጡ የሚበሉ። ቸኮሌቱን ቤት ቆራርጡት፣ በብርድ ጥርስ ይሰብራል። ውኃ 2 ሊትር ለሰው፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሊትሩ በፔርሙዝ ትኩስ ይሁን። ጠርሙሱን አፉን ወደታች ገልብጣችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት፤ ውኃ ከላይ ጀምሮ ነው የሚረጋው፣ ሲገለበጥ የሚረጋው ቂጡ ይሆንና አፉ ክፍት ይቀራል። የሚጠባ ቱቦ ያለው የውኃ ከረጢት አትያዙ፤ መጀመሪያ የሚረጋው ቱቦው ነው። ስልክ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለቀን ጉዞም ቢሆን። የፀሐይ መነጽሩ የጥቁረት ደረጃ 3 ወይም 4 ይሁን፤ አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን አልትራቫዮሌት ጨረር መልሶ ያንጸባርቃል። ደመና ነው ብሎ መነጽሩን ያወለቀ ሰው ዓይኑ አሸዋ የተበተነበት ያህል የሚያቃጥለው ማታ፣ ከሰዓታት በኋላ ነው። ቅባቱን አፍንጫ ሥርና አገጭ ሥርም ቀቡ፤ ጨረሩ ከታች ይመጣል።

ብርድ ሰው ሲይዝ መጀመሪያ የሚያየው ጓደኛው ነው። ዚፕ መዝጋት ያቃተው፣ ቃል የሚጎትት፣ ሜዳ ላይ የሚደነቃቀፍ፣ «ደህና ነኝ ተዉኝ» የሚል ሰው ደህና አይደለም። ከነፋስ አስጠልሉት፣ እርጥቡን አውልቁለት፣ በደረቅ ልብስ ሸፍኑት፣ ከሥሩ ምንጣፍ ወይም ቦርሳ አንጥፉለት፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ስጡት። አልኮል አይሰጥም፤ ሙቀቱን ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክነዋል። ነጭ ሆኖ የደነዘዘ ጣት በበረዶ አይታሽም፣ እሳት ላይም አይጠጋም። መንገድ ላይ ተመልሶ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጭራሹኑ አታቅልጡት፤ ሎጅ ስትደርሱ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይነከር፣ ከዚያ ሐኪም ይየው። ስልክ ካልሠራ የተራራ የድረሱልኝ ምልክት በደቂቃ 6 ጊዜ ፉጨት ወይም የብርሃን ብልጭታ ነው፤ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና 6። የሰማ ሰው በደቂቃ 3 ይመልሳል።

ማታ ሎጁ ውስጥ ሁለት ነገር ይጠበቅ። ጫማ ምድጃ ጥግ አይደርቅም፤ ሙጫው ይለቅና ሶሉ ቅዳሜ መንገድ ላይ አፉን ይከፍታል። ውስጥ ሶሉን አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሌላው የካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለው፤ የስምንት ሰው ራስ ምታት አንድ ላይ ሲነሳ «ከፍታው ነው» ይባልና ተኝተው ያድራሉ። በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሰልም የጋዝ ምድጃም መኝታ ክፍል አይግባ፣ ጭስ ማውጫው ላይ በረዶ ተከምሮ እንደሆነ ጠዋትና ማታ እዩ። ሎጁ ከ2500 ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ከፍታው ራሱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ንጹሕ አየር ላይ ወጥቶ ካልተሻለው ያ ሰው ቅዳሜ ወደ ላይ አይውጣ፣ ከባሰበት ይውረድ።

እሑድ ለመውረድ ማለዳ ተነሱ። ቁልቁለቱ ጊዜ ባይወስድም ጭኖች ደክመዋል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ በረዶውን ታለሰልሰውና ስኖውሹ ሥር መከማቸት ይጀምራል። ዓርብ ስታቆሙ የመኪናውን የመስታወት መጥረጊያ አንሥታችሁ፣ አንድ አካፋ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይሆን ወንበር ላይ አስቀምጡ፤ የዕቃ መጫኛው በር በግግር ሊጣበቅ ይችላል። እሑድ መኪናው ጋ ስትደርሱ ከበሩ በፊት ከኋላ ያለውን የጭስ መውጫ ቱቦ ቆፍራችሁ ግለጡት። ሞተሩ የሚነሳው፣ ሰውም ለመሞቅ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።